ስለ ላቫንዲኖ ቱቦ መደፈንና ስለ መክፈቻው ብልኀት

በመታጠቢያ ቤት ያለው ላቫንዲኖ ውሃውን አልውጥ ብሎ እንደ ኩሬ ይዞት ሲቀር፥ በቤቱ ውስጥ አስቀድሞ የሚነሣው ክርክር ማን ደፈነው የሚል ነው። ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የሚወድቀው በቤት ሠራተኛይቱ ላይ ነው፤ እርስዋም «እትዬ፥ እኔ አይደለሁም» እያለች ከመሐላ ትደርሳለች። እኛ ግን ለአንባቢዎቻችን ለማስታወቅ የምንወደው፥ ቱቦውን የሚደፍነው የብዙ ወር ክምችት እንጂ የአንድ ቀን ሥራ አለመሆኑን ነው። ጥፋተኛም ቢፈለግ የቤተ ሰቡ ሁሉ ራስ ነው እንጂ የአንድ ሰው እጅ አይደለም።

ይኸውም እንዲህ ነው። ሰው ራሱን ሲታጠብ የሚረግፈው ጠጕር በቱቦው አፍ ባለው መስቀለኛ ብረት ላይ ይጠመጠማል። ሳሙናም በውሃ ውስጥ ካለው የኖራ ዘር ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆንና በጠጕሩ ላይ ይለጠፋል። በአገራችን ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይጨመርበታል፤ እርሱም የራስ ቅቤ ነው። በሞቀ ውሃ ቀልጦ የወረደው ቅቤ፥ እንደ አዲስ አበባና እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ አገር ቀዝቃዛውን ቱቦ ሲያገኝ ተመልሶ ይረጋል። እንግዲህ ጠጕሩ እንደ ጭድ፥ ቅቤውና ሳሙናው እንደ ጭቃ ሆነው በቱቦው ውስጥ ግድግዳ ይመርጋሉ።

ከላቫንዲኖው በታች ጐንበስ ብሎ ለተመለከተ ሰው ቱቦው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ታጥፎ ወደ ላይ ይመለስና ከዚያ በኋላ ወደ ግድግዳው ይገባል። ይህ እጥፋት ሲፎን ይባላል። በአንዳንድ ቤት ደግሞ ጠርሙስ የመሰለ ነው። በውስጡ ዘወትር ጥቂት ውሃ ስለሚቀር፥ ከፍሳሹ ጉድጓድ የሚመጣው ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ ያ ውሃ እንደ መዝጊያ ሆኖ ያግደዋል። አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለው በሎንዶን የሚሠራ የስኮትላንድ ተወላጅ ሰዓት ሠሪ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1775 ዓ.ም. ለመጸዳጃ ቤት ባስመዘገበው የፈጠራ ሥራ ውስጥ ይህ ቆልማማ ቱቦ ይገኝበታል። ሽታውን ያስቀረልን ይኸው እጥፋት ግን ቆሻሻውንም አስቀርቶ የሚይዝ እርሱ ነው።

ለመክፈት አስቀድሞ በቱቦው አፍ ላይ ያለውን መክደኛ አንሥቶ፥ ጫፉ እንደ መንጠቆ በታጠፈ ቀጭን ሽቦ ጠጕሩን መሳብ ነው። የሚወጣው ነገር ለዓይን ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሥራው በዚሁ ይፈጸማል። ከዚያም የሞቀ ውሃ ማፍሰስ ይገባል። የሞቀ እንጂ የፈላ አንልም። ቅቤ በ35 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ስለ ሆነ የፈላ ውሃ አያሻውም፤ የዛሬው የፕላስቲክ ቱቦ ግን ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይለሰልሳል፥ የሸክላውም ሳህን በድንገተኛ ሙቀት ይሰነጠቃል።

ይህ ያልበቃ እንደ ሆነ በእንጨት እጀታ ላይ የተሰካውን የጎማ ቆብ ማምጣት ነው። ከሳህኑ ጠርዝ በታች ትርፍ ውሃ የሚወርድበት ትንሽ ቀዳዳ ቢኖር በእርጥብ ጨርቅ ይደፈን፤ ይህ ካልተደረገ ግፊቱ ሁሉ በዚያ ያመልጣል። ጎማው በውሃ ተሸፍኖ ሃያ ጊዜ ያህል በኀይል ወደ ታች ወደ ላይ ይመላለስ።

ሲፎኑን መፍታት ብዙዎችን ያስፈራል፤ በእኛ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ይህ ነው። ከሥሩ ባልዲ ይቀመጥ፤ የፕላስቲክ ከሆነ ቀለበቱ በእጅ ይፈታል። የጎማው ቀለበት ከቆሻሻው ጋር እንዳይጣል መጠንቀቅ ያሻል። ሲፎኑንም በዚያው ላቫንዲኖ ለማጠብ ቧንቧውን የሚከፍት ሰው አይታጣምና፥ ውሃው በገዛ እግሩ ላይ እንደሚወርድ አስቀድመን እንነግረዋለን! ከተገጠመ በኋላ ውሃ እየለቀቁ መጋጠሚያውን በደረቅ ወረቀት ማበስ ነው፤ ወረቀቱ ከረጠበ ቀለበቱ በደንብ አልተቀመጠም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደምናስብበት ነገር እንመለስ። ይህን ሁሉ ትቶ ኮስቲክ ሶዳ፥ ይባስ ብሎም የባትሪ አሲድ የሚያፈስ ሰው አለ። ኮስቲክ ሶዳ ቅቤውን ወደ ሳሙና ስለሚለውጠው ቱቦውን ሊከፍት መቻሉ እውነት ነው። ነገር ግን ውሃ ሲነካው እጅግ ይግላል፥ ቆዳን ይልጣል፥ ዓይንንም ያጠፋል። በውሃ ጠርሙስ ተገልብጦ በመስኮት ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ፥ የተጠማ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። በረኪናም ከአሲድ ጋር ሲደባለቅ ክሎሪን የተባለውን መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ጋዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር በኢፕር ጦር ሜዳ ወታደሮች ያለቁበት ነው። መታጠቢያ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባብና መስኮተ ትንሽ ነው። ይህን እንድታፈስ የምትታዘዘው ያችው ሠራተኛ ናትና፥ ጠርሙሱ ምን እንደ ያዘ ሳይነግሩ ማዘዝ ታላቅ በደል ነው። ሽታው ቢያፍናት ወዲያው ወደ አየር ትውጣ።

ሶዳው ዓይን የነካ እንደ ሆነ ሳይዘገዩ ከ20 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ በንጹሕ ውሃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ ውሃ ከየት እንደሚገኝ ሶዳውን ከመክፈት በፊት ማሰብ ያሻል። የዋጠ ሰው ቢኖር አታስመልሱት፤ በቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ሶዳ ፈስሶ ያልተከፈተውን ቱቦ በጎማ መምታት ወይም ሲፎኑን መፍታት አይገባም፤ ለሚመጣው የቧንቧ ሠራተኛም ምን እንደ ፈሰሰ ይነገረው።

ቤኪንግ ሶዳና ኮምጣጤ ቢደባለቁ አረፋው ያምራል እንጂ ኀይል የለውም፤ አንዱ የሌላውን ኀይል ያጠፋዋል።

ሲፎኑ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ውሃው አሁንም ቢቆም ድፍኑ ከግድግዳው ውስጥ ነውና ረጅም ሽቦ ላለው ሠራተኛ ይተው። የመታጠቢያውም የወጥ ቤቱም ውሃ አንድ ጊዜ ቢቆም ግን፥ ላቫንዲኖውን ከመፍታት በፊት ወደ ግቢ ወጥቶ የፍሳሹ ጉድጓድ መሙላትና አለመሙላቱን መመልከት ነው።