ቃለ ጉባኤው ምን ይላል?

የአንዲት ትንሽ ከተማ ምክር ቤት ሲሰበሰብ ሬዲዮ አይዘግበውም። የሚነሳው የቄራ አገልግሎት ክፍያ፣ የባጃጅ መስመር፣ የገበያ መደብ ኪራይ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ የመቃብር ቦታ አጥር ነው። እኔ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል እንዲህ ባለች ከተማ የምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነኝ። አጀንዳ አዘጋጃለሁ፣ ለአባላት የጥሪ ደብዳቤ አደርሳለሁ፣ ጉባኤው ሲቀመጥ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ሥራው ከውጭ ለሚያየው ቀላል ነው፤ የተባለውን መጻፍ ነው። እኔ ግን ዓመት በተጨመረ ቁጥር የጠነከረብኝ እምነት አለ፦ በጉባኤ ላይ የተነሳ ጥያቄ ካልተጻፈ፣ ምክር ቤት እጅ አውጥቶ ከመበተን ያለፈ ሥልጣን አይኖረውም።

አባላቱ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ በከተማው ዳር የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ከአፈ ጉባኤዋና ከጥቂት ሰዎች በቀር በምክር ቤት ሥራ ደመወዝ የሚያገኝ የለም። መምህሩ ክፍሉን ለባልደረባው አደራ ብሎ፣ ነጋዴዋ ሱቋን ለልጇ ትታ ነው የሚመጡት። ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ ይረጋገጣል፤ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል፤ ከንቲባው የአፈጻጸም ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ቋሚ ኮሚቴዎች አስተያየት ይሰጣሉ፤ ከምሳ በኋላ በጀት ወይም ሹመት ይጸድቃል። ውሎው ረጅም ነው። በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ግን ከዚያ ሁሉ ውሎ ወረቀት ላይ የሚተርፈው «ምክር ቤቱ በቀረበው ሪፖርት ላይ ሰፊ ውይይት ካደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ማን ምን ጠየቀ? ኃላፊው ምን ብሎ መለሰ? ሥራውን እስከ መቼ እፈጽማለሁ ብሎ ቃል ገባ? ይህ ሁሉ የለም። የሚቀጥለው ጉባኤ ሲጠራ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ትናንት ቃል የገባው ኃላፊም ዛሬ የሚጠየቅበት ወረቀት አይኖርም።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በገንዘብ ጉዳይ ላይ ነው። የከተማችን ገንዘብ ከሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው ከክልል የሚወርደው ጥቅል በጀት ነው። ይህ አሠራር በ1994 ዓ.ም. የቀድሞውን ደቡብ ክልል ጨምሮ በአራቱ ትልልቅ ክልሎች ሲጀመር፣ ወረዳዎች በራሳቸው ምክር ቤት የሚያጸድቁት በጀት አገኙ ተብሎ ትልቅ ተስፋ ነበር። ተስፋው መሠረት ነበረው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ የዚህ ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ደመወዝ ነው። የመምህሩንና የነርሷን ደመወዝ ማንም ምክር ቤት አይነካውም፤ ሊነካውም አይገባም። ስለዚህ በሐምሌ ወር በጀት ሲጸድቅ አባላት የሚከራከሩበት ገንዘብ ከሚያጸድቁት እጅግ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ነው፦ የቄራ፣ የመናኸሪያ፣ የገበያ መደብ፣ የከብት ገበያ ኮቴ፣ የቦታ ኪራይ፣ የሊዝ። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ግን የከተማው የራሱ ነው። ቦይ የሚቆፈረው፣ መብራት የሚተከለው፣ ቆሻሻ የሚነሳው በዚህ ነው። እዚህ ላይ ምክር ቤቱ በእውነት ይወስናል፤ እኔም ብዕሬን አጥብቄ የምይዘው እዚህ ላይ ነው። የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር ለአሥርት ዓመታት ሲሰበሰብ የኖረው በደርግ ዘመን በወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። በ2017 ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል፤ ጉዳዩ በየከተማው ገና ብዙ እንደሚያከራክር ይታየኛል። ያን ጊዜ «ቤቴ ለምን በዚህ ዋጋ ተገመተ? ግብሬስ ምን ላይ ዋለ?» ብሎ ለሚጠይቅ ነዋሪ «ሰፊ ውይይት ተደርጓል» የሚል ወረቀት መልስ አይሆነውም።

አንዲት የምክር ቤታችን አባል በገበያ ቅቤ የምትነግድ ሴት ናት። የገቢዎች ሪፖርት በቀረበበት ጉባኤ እጇን አወጣች። «የመደብ ክፍያ በየገበያው ቀን ይሰበሰብብናል፤ አንከለክልም። ግን ገበያው ውስጥ ሽንት ቤት የለም። ወንዱ አጥር ሥር ይሄዳል፤ ሴቷ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ሳትጠጣ ትውላለች። ነፍሰ ጡር አለች፣ አሮጊት አለች። ገንዘባችን የት ሄደ ሳይሆን ለእኛ መቼ ይመለሳል ነው የምጠይቀው» አለች። አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። ኃላፊው «በዕቅድ ይያዛል» ብለው መለሱ። ጥያቄው ቀደም ባሉ ጉባኤዎችም መነሳቱን አባላት ያስታውሱ ነበር፤ በየትኛው እንደሆነ ግን ሊያሳይ የሚችል ሰው አልነበረም። በቀደሙት ቃለ ጉባኤዎች ውስጥ ሪፖርቱ መጽደቁ ብቻ አለ። የበጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴው ክትትል ላድርግ ቢል እንኳ የሚነሳበት ነጥብ አልነበረውም።

በዚያ ጉባኤ ግን የጠያቂዋ ሐሳብ በራሷ አነጋገር ተጻፈ፤ የኃላፊው መልስም ተጻፈ፤ አፈ ጉባኤዋ «በዕቅድ ይያዛል ማለት በየትኛው በጀት ዓመት ነው?» ብለው ያስጨመሩት ማብራሪያም ተጻፈ። የሚቀጥለው ጉባኤ ሲከፈት እንደ ሥርዓቱ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነበበ። ንባቡ እዚያ ቦታ ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደ ኃላፊው ዞረ። እሳቸውም ወረቀት ይዘው ነበር፤ ቦታው ተለክቷል፣ የሥራ ግምቱ ተሠርቷል። በተከታዩ በጀት ዓመት ከማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ተመደበለት፣ ተሠራም። ኃላፊውን ክፉ ሰው አድርጌ አላየኋቸውም። በጠረጴዛቸው ላይ ከተከመረው ሥራ መካከል የሚነበብባቸውን አስቀደሙ፤ ማንም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ዝርዝር ቃለ ጉባኤን የሚቃወሙ ሰዎች አሉ፤ የሚሉትንም ንቄ አላልፈውም። አንዳንድ የሥራ መሪዎች «ጠብ ትጽፋላችሁ» ይላሉ። ይህ ብዙ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ከአባላት የሚመጣው ነው። ጉባኤው ከተበተነ በኋላ በሩ ላይ ጠብቀው «የተናገርኩትን ስሜን ሳትጠቅስ ጻፈው» ያሉኝ አሉ። መምህር ዝውውር ይፈራል፤ ነጋዴ ፈቃዱ ሲታደስ እንዳይጉላላ ይፈራል። ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል፤ ቂም የያዘ ሰው የሚያገኝህ ቦታ አያጣም። እኔ የያዝኩት መንገድ ይህ ነው፦ አባሉ ከጠየቀ ስሙ ይቀራል፤ «አንድ አባል» ተብሎ ይጻፋል። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ አነጋገሩን ማረምም መብቱ ነው። ጥያቄው ግን አይሰረዝም። ስም ተሰርዞም ጥያቄን መከታተል ይቻላል፤ ጥያቄው ከተሰረዘ ስሙ ብቻውን ምንም አይሠራም። ያም ሆኖ የሕዝብ ተመራጭ በሕዝብ አዳራሽ የተናገረውን በስሙ ለማስጻፍ መፍራቱ እንደ ተራ ነገር ሊታይ አይገባም። ይህን ማስተካከል ከአንድ ባለሙያ አቅም በላይ ነው፤ የክልል ምክር ቤት ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የቃለ ጉባኤ ጥቅም ለሚቀጥለው ስብሰባ ብቻ እንዳልሆነ ያስተማረኝ የመዝገብ ክፍላችን ቁም ሳጥን ነው። እዚያ ውስጥ በደርግ ዘመን የነበሩት የከተማ ነዋሪዎች ቀበሌ ማኅበራት የጻፏቸው ደብተሮች አሉ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ የመኖሪያ ቦታ ነገር የቀበሌ ሥራ ሆነ። ደብተሮቹ የተማሪ ደብተሮች ናቸው፤ ጽሑፉ የእስክሪብቶ ነው፤ ዳራቸው በእርጥበት ተበልቷል። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ሰነድ አልባ ይዞታዎች ሥርዓት እንዲይዙ መንገድ ከከፈተ ወዲህ፣ ሰዎች እነዚህን ደብተሮች ፍለጋ ይመጣሉ።

ከመጡት መካከል አንዲት እናት ነበሩ። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ጎረቤት ደግሞ በድንበር ከሷቸዋል። «ልጄ፣ የባለቤቴ ስም እዚህ አለ?» አሉኝ። «ቆዩ እማማ፣ እንፈልጋለን» ብዬ ደብተሮቹን አወረድን። ተገኘ። የቀበሌው ጸሐፊ ቦታ የተሰጣቸውን ሰዎች ስም በተራ ቁጥር ጽፎ፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ጎረቤት መቃወሙን፣ የተቃወመበትም ምክንያት ከብቶቹ ወደ ወንዝ የሚወርዱበት መንገድ እንዳይዘጋ እንደሆነ፣ ስብሰባውም በሁለቱ ቦታዎች መካከል መተላለፊያ ይተው ብሎ መወሰኑን መዝግቧል። ክርክሩ ያረፈው በዚያች ተቃውሞ ላይ ነው። «ቦታ ተሰጥቷል፤ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብቻ ቢባል ኖሮ ስማቸው ይገኝ ነበር፤ ድንበራቸው ግን አይገኝም። ያን ጸሐፊ አላውቀውም፤ በሕይወት ይኑር አይኑርም አላውቅም። ሥራውን አከብርለታለሁ።

በነሐሴ 2015 የቀድሞው ደቡብ ክልል ተከፍሎ አዲሱ ክልላችን ሲቋቋም ማህተም ተቀየረ፣ የደብዳቤ ራስጌ ተቀየረ፣ ቢሮዎች ከተማ ቀየሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወረቀት ይጠፋል። ስለዚህ የየከተማው ምክር ቤት አሮጌ ቃለ ጉባኤዎችን ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር ማስቀመጥ የቅንጦት ሥራ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል። አንድ ስልክና አንድ ፍላሽ ያለው ጽሕፈት ቤት ሊጀምረው ይችላል። እኛም ጀምረናል።

ቃለ ጉባኤ ላይ ይህን ያህል የምጨነቅበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የአካባቢ ምርጫ በሚያዝያ 2005 ከተካሄደ በኋላ በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ። በ2013ቱ ምርጫም ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ምክር ቤቶች በስተቀር የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች አልተካተቱም። ይህ በወረቀት ላይ የቀጠሮ ለውጥ ይመስላል፤ በአዳራሽ ውስጥ ግን ባዶ ወንበር ነው። አንዱ አባል ሥራ ተቀይሮ ከከተማ ወጥቷል፣ ሌላው አርፏል፣ ሌላዋ አግብታ ሌላ ቦታ ሄዳለች። ምልዓተ ጉባኤ ለማሟላት ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት ስልክ ስደውል አረፍዳለሁ። በ2005 የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ልጅ ዛሬ ሱቅ ከፍቶ ግብር ይከፍላል፤ ግብሩን የሚወስንለትን የከተማ ምክር ቤት ግን አንድም ቀን መርጦ አያውቅም። የአካባቢ ምርጫ መካሄድ አለበት፤ ይህን በግልጽ እላለሁ። እስከዚያው ድረስ ነዋሪው ምክር ቤቱን የሚቆጣጠርበት የድምፅ መስጫ ወረቀት በእጁ የለም። ያለው የተጻፈው ቃል ነው።

ሕዝባችን ለተጻፈ ቃል ባዳ አይደለም። በየመንደሩ ያለ እድር ጸሐፊ አለው፤ ማን ቀረ፣ ማን ከፈለ፣ ድንኳኑ በስንት ተጠገነ የሚለው በአባላት ፊት ይነበባል፤ አንዲት ብር ብትጎድል ሰው ተነስቶ ይጠይቃል። በእድሩ ተነስቶ የሚጠይቀው ያው ሰው፣ ከዚያ ብዙ እጥፍ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው የከተማው ምክር ቤት ሲሰበሰብ በአዳራሹ ደጃፍ አያልፍም። መግባት እንደሚችል የነገረው የለም። ጉባኤያችን በመሠረቱ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የጉባኤውን ቀን በመናኸሪያና በገበያ ለጥፈን እናውቃለን፤ በለጠፍንባቸው ጊዜያት ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ ነዋሪዎች መጥተዋል። እነሱ ባሉበት ሪፖርት አቅራቢው በመቶኛ ብቻ ከማውራት ወርዶ የመንደር ስም እየጠራ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይናገራል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ለማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ መልሱም ቢዘገይ በ30 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። ስለዚህ እናንተ ይህን የምታነቡ የትንሽ ከተማ ነዋሪዎች፣ ወደ ምክር ቤታችሁ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ሰኞም ይሁን ዓርብ፣ ባለሙያ አለ። የመጨረሻውን ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ጠይቁ፤ የሰፈራችሁ ጉዳይ ተነስቶ እንደሆነ፣ ማን ምን ብሎ እንደመለሰ አንብቡ። ካልተጻፈ ለምን እንዳልተጻፈ ለአፈ ጉባኤው በደብዳቤ ጠይቁ፤ ደብዳቤያችሁንም መዝገብ ቤት አስመዝግባችሁ ቁጥሩን ያዙ።