ጎንደርን ሳይረግጥ የነገሠው ፋሲል

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ ካደረጋቸው 24 ጨዋታዎች አንዱም ጎንደር ላይ አልተካሄደም። በክለቡ ታሪክ የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ ነበር፤ የፋሲለደስ ስታዲየም ግን ዓመቱን ሙሉ የሊግ ኳስ ሳይነካው አለፈ። ለእኛ ለዳባትና ለደባርቅ መንገድ ሰዎች ያ የውድድር ዘመን የተለየ ነው። ምክንያቱን ከመናገሬ በፊት ክለቡን ላስተዋውቅ።

ፋሲል ከነማ የተመሠረተው በ1960 ዓ.ም. ነው። መለያው ቀይና ነጭ፣ ደጋፊው የሚጠራው ደግሞ «አፄዎቹ» እያለ ነው። ለረጅም ዘመን በታችኛው እርከን ሲንከላወስ ቆይቷል፤ ጎንደርም በፕሪሚየር ሊጉ ስሟ የሚነሳው በዳሸን ቢራ ክለብ በኩል ነበር። በ2008 ዳሸን ሲወርድ ፋሲል አደገ። ከዚያ በኋላ ዕድገቱ ፈጣን ሆነ። በ2011 በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ የኢትዮጵያ ዋንጫን ወሰደ፤ በዚያው ዓመት የሊጉ ዋንጫ በመጨረሻው ዕለት ከእጁ አምልጦ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደ። ያን ቀን የሚያስታውስ የጎንደር ልጅ ዛሬም ሲያወራው ድምፁ ይለወጣል። በ2012 ሥዩም ከበደ አሰልጣኝነቱን ተረከበ። ያ ዓመት ደግሞ በኮሮና ምክንያት መሀል ላይ ተቋርጦ ሻምፒዮን ሳይኖረው ተሰረዘ።

ሊጉ በታኅሣሥ 2013 ሲመለስ መልኩ ተቀይሮ ነበር። በፊት እያንዳንዱ ክለብ አንዱን ጨዋታ በሜዳው፣ ሌላውን ከሜዳው ውጭ ያደርግ ነበር። አሁን የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ሁሉንም ቡድኖች በአንድ ከተማ ሰብስቦ የተወሰኑ ሳምንታት ካጫወተ በኋላ ወደሚቀጥለው ከተማ ይዟቸው ይሄድ ጀመር። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ተጫዋቹ ወራቱን የሚያሳልፈው ሆቴል ውስጥ ነው፤ በጨዋታና በጨዋታ መካከል ያለው ዕረፍት ጥቂት ቀናት ነው፤ ሜዳው ለሁሉም አንድ ነው። በደጋፊ ጩኸት ነጥብ መልቀም አይቻልም። ሰፊ ስብስብና ትዕግሥት ያለው ቡድን ነው የሚያዋጣው።

የቡድኖቹ ቁጥርም ጎድሎ ነበር። በጥቅምት 2013 በትግራይ ጦርነት በመነሳቱ መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ሳይገኙ ቀሩ። ከ16ቱ 13 ቀሩ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑም በየሳምንቱ አንድ ቡድን ያርፍ ነበር። ስለ ፋሲል ድል የሚጽፍ ሰው ያን ዓመት እነዚህ ሦስቱ እንዳልነበሩ አብሮ መናገር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቡድኑ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ሙጂብ ቃሲም ላይ እቆማለሁ። ሙጂብ በመሀል ተከላካይነት የሚታወቅ ተጫዋች ነበር። ፋሲል ውስጥ ወደ ፊት ገፍተው አጥቂ አደረጉት፤ እሱም የሊጉ ዋና ግብ አዳኞች ተርታ ገባ። ተከላካይ የነበረ ሰው ተከላካይ የት ላይ እንደሚዘናጋ ያውቃል፤ ሙጂብ ኳስ ሳይይዝ ሲንቀሳቀስ ልብ ብሎ ያየ ይህን ይረዳል። ከኋላው ኳስ የሚያከፋፍለው ሱራፌል ዳኛቸው፣ በመስመር የሚሮጠው ሽመክት ጉግሳ፣ መከላከሉን የሚመራው ያሬድ ባየህ፣ በግቡ መካከል ደግሞ ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ነበሩ። ዓመቱ በግብ ብዛት የሚታወሰው በኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነው፤ ብቻውን 29 አስቆጠረ። ቡና ግን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ፋሲል ገና ጨዋታዎች እየቀሩት ሻምፒዮንነቱን አረጋግጦ ነበር።

አሁን ወደ ዳባት። ከዚህ ጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፋሲል በሜዳው ሲጫወት የዳባት ደጋፊ በጠዋት ሚኒባስ ይዞ፣ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወርዶ፣ ማታ መመለሻ አገኝ ይሆን እያለ ነበር ጨዋታ የሚያየው። የትራንስፖርትና የመግቢያ ገንዘብ የሌለው ወሬውን ከተመላሹ ይሰማል። በ2013 ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምሩ ይህ ልዩነት ጠፋ። ጎንደር ፒያሳ ያለው ደጋፊና ዳባት ያለው ገበሬ ያን ቡድን የሚያዩት እኩል በስክሪን ሆነ። ብርድ የማይለቃት ከተማ ናትና ሰው ጋቢውን እንደተከናነበ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ሙጂብ ወደ ሳጥኑ ሲገባ ጋቢው ሁሉ ከትከሻ ይወርዳል። መብራት ከጠፋ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ጎንደር ያለ ዘመዱ ጋ ይደውላል፤ ዘመድየውም ያው ስክሪን ላይ ነው ያፈጠጠው። ለእኔ የዚያ ዋንጫ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ቡድኑ ከሁላችንም እኩል ራቀ፣ ስለዚህም እኩል የሁላችንም ሆነ።

ደስታው ረጅም ዕድሜ አላገኘም። በነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደርሶ ጭና በተባለ ስፍራ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ፋሲል በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የሱዳኑን አል ሂላል በባሕር ዳር የገጠመው በዚያው ሰሞን፣ በ2014 መግቢያ ነው። ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ሱዳን ላይ 1 ለ 1 ተለያይቶ፣ ሜዳው ላይ በተቆጠሩበት ግቦች ምክንያት ሳይሸነፍ ወደቀ። ሙጂብ ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ተሻገረ። በ2014 ሊግ ፋሲል እስከ መጨረሻው ሳምንት ተፎካክሮ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ።

ሊጉ ከ2013 በኋላም በተመረጡ ከተሞች መዞሩን አላቆመም። ስክሪኑ ለዳባት ያደረገውን ውለታ አልክድም። ነገር ግን ሻምፒዮን የሆነውን ቡድኑን በዓይኑ በብረቱ ሳያይ የሚያድግ የጎንደር ልጅ መኖር የለበትም። የፋሲለደስ ስታዲየም ለደረጃው የሚጎድለው ተሟልቶለት ጎንደርም ተራዋን ታስተናግድ። ሚኒባሱን እኛ እንሳፈራለን።