ስምን አጣርቶ ስለ ማወቅ

ሰው በተወለደ ጊዜ ስም ይወጣለታል፤ በተጠመቀም ጊዜ የክርስትና ስም ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ ገብረ ማርያም ወይም ወልደ ሚካኤል ተብሎ የሚጠራ ሰው በአንድ ወረዳ ውስጥ አያሌ ስለ ሆነ፥ አስተዋይ ዳኛ ስም ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። የአባቱንና የአያቱን ስም፥ የተወለደበትንም አገር ጠይቆ፥ የቀረበው ሰው የተፈለገው ራሱ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ወደ ነገሩ ይገባል። ይህ የቆየ ጥንቃቄ ዛሬ በገንዘብ ገበያ ለሚሠሩ የኮምፒዩተር ወኪሎችም እጅግ የሚያስፈልግ ሆኖ ተገኝቷል።

በአክሲዮን ገበያ ላይ እያንዳንዱ የንግድ ማኅበር ከሙሉ ስሙ ሌላ በጥቂት ፊደላት የሚጻፍ ምልክት አለው። ልማዱ ከቴሌግራፍ ዘመን የመጣ ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1867 ኤድዋርድ ካላሃን የተባለው አሜሪካዊ የአክሲዮንን ዋጋ በቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ላይ እያተመ የሚያወጣ መኪና ሠራ። ረጅም ስም በሽቦ ማስተላለፍ ጊዜ የሚፈጅ ስለ ሆነ አጭር ምልክት ስሙን ተካው። ጥብጣቡ ከጊዜ በኋላ ቀረ፤ ምልክቱ ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ዛሬ ይህን ምልክት የሚፈልገው ሰው ብቻ አይደለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸው ወኪሎች የባለቤታቸውን ትእዛዝ በተራ ቋንቋ ተቀብለው ዋጋ ይጠይቃሉ፥ ሒሳብ ያሰላሉ፥ ሥልጣን ከተሰጣቸውም ይገዛሉ፥ ይሸጣሉ። ትእዛዙ የሚሰጠው በስም ሲሆን ገበያው የሚቀበለው ግን ምልክትን ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ምልክት የሚፈልግ መሣሪያ ይቆማል። ወኪሉ ስሙን ባቀረበለት ጊዜ መሣሪያው በመዝገቡ ውስጥ የሚመሳሰሉትን ስሞች ሁሉ ከነምልክታቸው፥ ከነገበያቸው፥ ከነአገራቸውና ከሚሸጡበት የገንዘብ ዓይነት ጋር ዘርዝሮ ይመልሳል። ሥራው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚከተለው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ስም ከስም ጋር ሲመሳሰል የሚመጣው ጉዳት በሰዎች ዘንድ አስቀድሞ ታይቷል። ዙም ቪዲዮ ኮሙኒኬሽንስ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 «ዜድ ኤም» በሚል ምልክት ወደ ገበያ ገባ። «ዙም» የሚለው ምልክት ግን ቀድሞውኑ ዙም ቴክኖሎጂስ በተባለ ሌላ ትንሽ ማኅበር ተይዞ ነበር። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሰው ሁሉ በቪዲዮ መነጋገር በጀመረ ጊዜ ብዙዎች ተሳስተው የትንሹን ማኅበር አክሲዮን ገዙ፤ ዋጋውም ያለ ምክንያት ናረ። በዚያው ዓመት በማርች ወር የአሜሪካ የገንዘብ ሰነዶች ገበያ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት የዚያን አክሲዮን ሽያጭ ለጊዜው አገደ።

ምልክት ደግሞ ይለወጣል፥ ከአንዱም ወደ ሌላው ይተላለፋል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2021 ስሙን ሜታ ብሎ ቢለውጥም እስከ ጁን 2022 ድረስ የሚሸጠው በቀድሞው ምልክት በ«ኤፍ ቢ» ነበር። ማኅበሩ ስሙን በለወጠ ጊዜ «ሜታ» የሚለው ምልክት የአንድ ሌላ የኢንቬስትመንት ፈንድ ነበረ። ቀድሞ ከተጻፈ ጽሕፈት የተማረ ወኪል የትናንቱን ምልክት የዛሬ አድርጎ ቢያስብ አያስደንቅም። ስለዚህ የሚያስታውሰውን ትቶ መዝገቡን መጠየቅ አለበት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የጃንዋሪ 2021 ነገር ነው። ኢሎን መስክ ሕዝቡ ሲግናል በተባለው የመልእክት መላኪያ እንዲጠቀም በሁለት ቃል ብቻ መከረ። ሲግናል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ስለ ሆነ አክሲዮን የለውም። ይሁን እንጂ ገዢዎች ሲግናል አድቫንስ የተባለ ትንሽ ማኅበር አገኙ፤ ከአንድ ዶላር በታች ይሸጥ የነበረውም አክሲዮን በጥቂት ቀን ውስጥ ከ38 ዶላር በላይ ወጣ። ትክክለኛው መልስ «የለም» የሚል ነበረ። መልካም መሣሪያም የሚመሰገነው በሚያገኘው ብቻ ሳይሆን ያላገኘውን አላገኘሁም በማለቱ ነው፤ ጌታውን ደስ ለማሰኘት ቅርቡን አንሥቶ የሚሰጥ አገልጋይ ጌታውን ያከስራልና።

ማኅበሩ አንድ በሆነበትም ጊዜ ጥያቄው አያልቅም። የጉግል ባለቤት የሆነው አልፋቤት በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አክሲዮን አለው፤ አንደኛው ድምፅ የሚያሰጥ፥ ሁለተኛው የማያሰጥ ነው። በሎንዶን ገበያ ብዙ አክሲዮን የሚነገረው በፓውንድ ሳይሆን በፔኒ ስለ ሆነ፥ ይህን ያላስተዋለ ሒሳብ መቶ እጥፍ ይሳሳታል። ስለዚህ 12 ፊደልና አኃዝ ያለው፥ በአገር ምልክት የሚጀምር ዓለም አቀፍ መለያ ቍጥር ለአክሲዮኑ እንደ አባትና እንደ አያት ስም ያገለግላል።

እንግዲህ ለወኪሉ ሊሰጠው የሚገባው ሕግ አጭር ነው። አንድ ብቻ ሲገኝ መለያ ቍጥሩን አመሳክሮ ይቀጥል፤ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሲገኝ ቆሞ ባለቤቱን ይጠይቅ፤ ምንም ሳይገኝ ሲቀር የለም ይበል። የተፈጸመ ግዢ በጸጸት አይመለስምና፤ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ የጡረተኛና የአሳዳጊ እናት ቍጠባ ነው።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራውን ስለ ጀመረ ነገሩ ለአገራችን ሹማምንትም ሩቅ አይደለም። አዋሽ ባንክና አዋሽ ኢንሹራንስ ስማቸው ቢመሳሰልም ሁለት ልዩ ልዩ ማኅበሮች ናቸው፤ የግዕዝ ፊደል ስምም በላቲን ሲጻፍ ልዩ ልዩ መልክ ይይዛል። መዝገቡ ገና ትንሽ ሳለ የእያንዳንዱን ስም በሁለቱም ፊደል አጥርቶ መጻፍ ቀላል ነው፤ ከበዛ በኋላ ግን ማረሙ ይከብዳል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የአክሲዮንን ምልክት ግን የሚያወጣውም የሚጠብቀውም ሰው ስለ ሆነ፥ ጥንቃቄው የሰው ግዴታ ነው።