የተለወጠ ቀስቃሽ፦ አለርጂን በገዛ መንሥኤው ስለ ማስታገሥ

የጽጌ ብናኝ፣ የንብ መርዝ ወይም ከድመት ቆዳ የሚረግፍ ፕሮቲን ለብዙው ሰው ከቁም ነገር ሳይቆጠር፣ ለጥቂቱ ግን የማስነጠስ፣ የማሳከክ፣ ሲብስም ትንፋሽ የሚያሳጥር ደዌ የሚሆነው፣ ሰውነቱ በዚያ ፕሮቲን ላይ ያበጀው ልዩ ፀረ እንግዳ አካል ማስት በሚባሉት ሕዋሳት ገጽ ላይ ሰፍሮ ስለሚጠባበቅ ነው፤ ቀስቃሹ መጥቶ ሁለት እንዲህ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላትን ባንድነት ያገናኘ እንደ ሆነ ሕዋሱ ሂስታሚን ያፈሳል። ይህን ፀረ እንግዳ አካል በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ዴንቨር ላይ ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ የተባሉት ባልና ሚስት፣ በስዊድን ኡፕሳላም ዮሃንሰንና ቤኒክ ለየብቻ ደርሰውበት፣ በ1968 ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ ተብሎ ተሰየመ።

ሕክምናው ግን ከዕውቀቱ ይቀድማል። በ1911 ለንደን በሚገኘው የቅድስት ማርያም ሆስፒታል ሌናርድ ኑን የሣር ጽጌ ብናኝ ጭማቂ መጠኑን ቀስ በቀስ እያሳደገ ሕሙማንን ወጋ፤ ብናኙ መርዝ ይዟል ብሎ ያሰበው ነገር ስሕተት ሲሆን መድኃኒቱ ግን ሠራ፤ በሕክምና ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር ከሚታሰበው ይልቅ የበዛ ነው። ችግሩ፣ ያው ፈዋሹ ጭማቂ በሕሙሙ ሰውነት ውስጥ የሚጠባበቀውን ፀረ እንግዳ አካል ማግኘቱ አይቀርምና አንዳንዴ ሕይወት የሚያጠፋ መሆኑ ነው፤ በብሪታንያ 26 ሰዎች መሞታቸው ስለ ተቈጠረ በ1986 የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴው ሕክምናውን በብርቱ ገደበው።

ስለዚህ ሊቃውንቱ ቀስቃሹን ራሱን ወደ መለወጥ ዘወር አሉ። ፀረ እንግዳ አካል የሚያውቀው የፕሮቲኑን የታጠፈ ቅርጽ ሲሆን፣ መከላከያውን የሚመሩት ቲ ሕዋሳት ግን ተቈራርጦ የቀረበላቸውን ሰንሰለት ያነባሉ፤ እንግዲህ ቅርጹ ቢፈርስና ሰንሰለቱ ቢቀር፣ አደጋው ተወግዶ ትምህርቱ ይቀራል ማለት ነው። የዲፍቴሪያ መርዝ በፎርማሊን ታክሞ ክትባት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ዴቪድ ማርሽና ባልደረቦቹ በ1970 የሣር ብናኝን ፕሮቲን በፎርማልዴሃይድ አክመው አለርጎይድ ያሉትን አወጡ፤ ይህም ዘር በአውሮፓ እስከ ዛሬ በሐኪሞች እጅ ይገኛል።

ከዚህ የላቀው ተስፋ ግን አደጋን መቀነስ ሳይሆን ፀረ እንግዳ አካሉን ከሥሩ ማፈን ነበር። በ1970ዎቹ ኪሚሺጌ ኢሺዛካና ረዳቶቹ የእንቁላል ነጭ ፕሮቲንን በዩሪያ አፍርሰው ለአይጦች ሲሰጡ የኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ መጠን ወደቀ፤ በካናዳ ዊኒፔግም አሌክ ሴሆን ቀስቃሹን ፖሊኤቲሊን ግላይኮል ከሚባለው ነገር ጋር አጣምሮ አይጦቹን ለብዙ ጊዜ ዝም አሰኛቸው። ሁለቱም ምክንያቱን የመከላከያውን ምላሽ ያፍናሉ ለተባሉት ጨቋኝ ቲ ሕዋሳት ሰጡ። ዩሪያ ያፈረሰው የራግዊድ አረም ፕሮቲን ወደ ሕሙማን ሲሻገር ግን የአይጡ ውጤት አልተደገመም፤ የጨቋኞቹ ትምህርትም በ1980ዎቹ ክብሩን አጥቶ፣ በ1995 ሺሞን ሳካጉቺ በሌላ መንገድ እስኪያነሣው ድረስ ተናቀ። በሰው ዘንድ የሚታየው ሌላ ነው፦ በሕክምናው መጀመሪያ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ እንዲያውም ከፍ ይላል፣ ከዓመታት በኋላ ዝግ ብሎ ይወርዳል፤ ፊተኛውን ቦታ የሚይዘው ቀስቃሹን መንገድ ላይ የሚቀድመው ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ 4 ነው። ማፈን የሚለው ቃል ስለዚህ ለአይጡ እንጂ ለሰው ገና የተገባ አይመስለኝም።

ቀስቃሹን የመለወጡ ሥራ ግን ቀጠለ። የድመትን ፕሮቲን ቈርጦ አጫጭር ቁራጮች የሰጠው ሙከራ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ብዙ ተስፋ አሳድሮ ሳለ፣ በ2016 በትልቁ ፈተና ከባዶ መድኃኒት አልበለጠም። የቪየናው ሩዶልፍ ቫለንታ በአንጻሩ የኢሺዛካን መንገድ ገለበጠ፤ የሣር ብናኝ ፕሮቲኖችን ቁራጮች ከሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ፕሮቲን ጋር አያይዞ፣ የቲ ሕዋሳት ድጋፍ ከቫይረሱ እንዲመጣ፣ ከቀስቃሹም የሚፈለገው የሚያግደው ፀረ እንግዳ አካል ብቻ እንዲሆን አደረገ።