ከገመዱ ወዲያኛው ጫፍ

ከሆሳዕናም ከዱራሜም ስለ አካል ጉዳተኛ ሯጭ ፊልም ሊሠሩ የተነሡ ወጣቶች ጽሑፋቸውን አንብብልን ይሉኛል፤ ሜዳ ዳር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው። የሚመጣልኝ ታሪክ ይመሳሰላል። ልጅቷ ትናቃለች፣ እናት ታለቅሳለች፣ ደግ አሠልጣኝ ይደርሳል፣ ከዚያ ሜዳሊያና ባንዲራ። ፊት ለፊት ለመናገር የከበደኝን እዚህ ሹክ ልበላቸው፦ ዋናው ታሪክ ያለው እናንተ በሁለት መስመር ያለፋችሁት ቦታ ላይ ነው።

የምርመራውን ክፍል ተመልከቱ። ማንኛዋም የፓራ አትሌት ለዓለም አቀፍ ውድድር ስትቀርብ በመጀመሪያ የጉዳቷ ደረጃ ይለካል። ምንም ወይም ከምንም የማይሻል የምታይ ቲ11 ትባላለች፤ ዓይኗን ሸፍና፣ በገመድ ተያይዞ እየመራት አብሯት ከሚሮጥ ጋይድ ጋር ትሮጣለች። የተሻለ የምታየው ቲ13 ትሆንና ብቻዋን ትሮጣለች። ትግስት ገዛኸኝ እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ላይ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው በቲ13 1,500 ሜትር ነው፤ በ2024 ፓሪስ ላይ ደገመችው። ያየሽ ጌቴ ደግሞ እዚያው ፓሪስ በቲ11 በ4፡27.68 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ አሸነፈች። ያንን የምርመራ ክፍል ሳያልፍ በእነዚህ መስመሮች ላይ የሚቆም የለም። ለዓመታት የለፋች ልጅ ገብታ «ከሚፈቀደው በላይ ታያለሽ፣ አትወዳደሪም» ተብላ ልትወጣ ትችላለች። በመንደሯ ዕውር ተብላ ስትሰደብ ያደገች ልጅ ዓይንሽ ደህና ነው ሲባል የምታለቅሰውን ለቅሶ እስካሁን በአንድም ጽሑፍ አላነበብኩም። ክፍሉ ጨካኝ ሆኖ አይደለም። በ2000 ሲድኒ ላይ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባቸው ተብለው የቅርጫት ኳስ ወርቅ ከወሰዱት 12 ስፔናውያን 10ሩ ጉዳት የሌለባቸው ሆነው ተገኙ፤ በዚያ ሰበብ እውነተኞቹ ባለጉዳቶች እስከ ለንደን 2012 ከፓራሊምፒክ ውጪ ተደርገው ቆዩ።

ሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት የመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ መስማት የተሳናት ሯጭ በብዙ ጽሑፍ ውስጥ ትመጣለች። ችግሩ ሁሉም ወደ ፓራሊምፒክ ይልኳታል። እዚያ ለእሷ ምድብ የለም። የእሷ መድረክ ዴፍሊምፒክስ ነው፤ በ1924 ፓሪስ ላይ የተጀመረ፣ ከመጀመሪያው ፓራሊምፒክ በ36 ዓመት የሚቀድም። ለመግባት በተሻለው ጆሮ ቢያንስ 55 ዴሲቤል የመስማት ጉድለት ያስፈልጋል፤ የማዳመጫ መሣሪያ ያለው ከውድድሩ በፊት ያወልቃል። ማስነሻው በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። እንዲህ ያለ መሣሪያ በሌለበት ሜዳ ባንዲራ ይወለበለባል፤ ያን ጊዜ ሯጯ አንገቷን ወደ ባንዲራው አዙራ ነው የምትነሣው፤ ለመነሻ የሚመች አቋም አይደለም። ይህን ቅረጹት።

አሁን ወደ ገመዱ። ቲ11 ላይ ሁለቱን ሯጮች የምታገናኘው ገመድ ክንድ እንኳ አታህልም። ጋይዱ ሊጎትታት አይፈቀድለትም፤ መጨረሻው መስመር ላይም ከእሷ መቅደም የለበትም። በ2024ቱ የፓሪስ ፓራሊምፒክ ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት የማራቶን ነሐስ ልታገኝ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት ጋይዷ ተንገዳገደ፤ እንዳይወድቅ ስትይዘው ገመዱን ለቀቀች፣ ውጤቷም ተሰረዘ። ጋይዱ ያየሽ በሮጠችበት ፍጥነት እየሮጠ፣ ኩርባውንና ተፎካካሪዎቿን እየነገራት፣ ትንፋሽ ሊተርፈው ይገባል። ማለትም ከእሷ በብዙ የሚፈጥን፣ የራሱን ሰዓት ለማሻሻል ሊሮጥ ይችል የነበረ ሰው ነው። ስታሸንፍ እሱም ሜዳሊያ ይጠለቅለታል፤ ስሙን ግን ማን ይጠራል?

እዚህ ላይ ነው የሀዲያና የከምባታ ፊልም ያለው። ጋይድ የሚሆነው ልጅ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጤነኛ፣ ጠንካራ ወጣት ነው። ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድም ልውሰድህ የሚለውም እንዲህ ያለውን ልጅ ነው። ከእኛ አካባቢ ስንቱ በዚያ መንገድ እንደሄደ፣ ስንቱ ቤት በዚያ ገንዘብ እንደተሠራ፣ ስንቱም በመንገድ እንደቀረ ለእናንተ አልነግራችሁም። የጉዞው ገንዘብ ሲሞላ፣ ልጁ ገመዱን ለማን ይሰጣል? እሷስ ሂድ ትለዋለች ወይስ ቅር? አባቱ «ለሰው ልጅ እየሮጥክ ዕድሜህ አለቀ» ቢሉት ምን ይመልሳል? ማንም ክፉ ሳይሆን ሁሉም የሚጎዳበት ታሪክ ነው፤ ከሌላ ቦታ ተቀድቶ የመጣ አይመስልም። በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ ይናገሩ፤ ልምምዱ ሀምበርቾ ተራራ 777 ደረጃ ላይ ይሁን፤ ዓይነ ስውር ሯጭ ጋይዷን ምን ያህል እንደምታምን ደረጃ ከመውጣቷ ይልቅ መውረዷ ያሳያል።

ለመነሻ የሚሆን ፊልም ከፈለጋችሁ ራሴላስ ላቀው ከዴቪ ፍራንክል ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 የሠራውን «አትሌቱ»ን እዩ። አበበ ቢቂላን ራሱ ራሴላስ ነው የተጫወተው። የሮምና የቶኪዮ ሩጫዎች የቀረቡት በዘመኑ በተቀረጸው ፊልም ነው፤ የተዋናዩ ድካም ሁሉ ከ1969ኙ የመኪና አደጋ በፊትና በኋላ ባለው ሰው ላይ አረፈ። አበበ እግሮቹ ሽባ ሆነው በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ከታከመ በኋላ ቀስት ወርውሯል፣ ኖርዌይ ላይ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተወዳድሯል። ፊልሙ ያንን እንደ ማጽናኛ ሳይሆን እንደ እውነተኛ ውድድር ነው የያዘው፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

አንድ የቀረጻ ነገር ልጨምር። ዓይነ ስውሯን ሯጭ ዓይነ ስውር ትጫወታት፤ ጨፍና የምትሮጥ ተዋናይ ከመጀመሪያው እርምጃ ታስታውቃለች። ያን ከወሰናችሁ ደግሞ ካሜራውን በሞተር ሳይክል ጭናችሁ አጠገቧ አትንዱ። የሞተሩ ጩኸት የጋይዱን ድምፅ ይሸፍንባታል፤ ኩርባው መድረሱን የምትሰማው ከእሱ ብቻ ነው። ካሜራ የያዘው ልጅ ከፊቷ በብስክሌት ይቀመጥ፣ ሌላው ይንዳው፣ ጋይዱም ከቀረጻው በፊት አብሯቸው ደጋግሞ ይለማመድ።