አሮጌ መኪና፣ ከባድ አደራ

በእነዚህ ገጾች ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆችና ስለ ቤት ወጪ ነው። ዛሬ ግን ስለ መኪና እንጨዋወት። «የመጋቢ ሚስት ስለ መኪና ምን አገባት?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን ተራሮች ግርጌ ለሚኖር ቤተሰብ ወይም ጉባኤ አሮጌ ላንድ ክሩዘር መግዛት የቤቱን ገንዘብ፣ የባልን ጉልበትና የሚስትን እንቅልፍ የሚነካ ውሳኔ ነው። ብዙ ባለትዳሮችም ስለዚህ ጉዳይ በደንብ የሚነጋገሩት መኪናው ከተገዛ በኋላ ነው።

ላካፍላችሁ የምፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው፦ አሮጌ መኪና ርካሽ መኪና አይደለም። ሲገዛ ዋጋው ያነሰ ቢመስልም ቀሪው በየወሩ ይከፈላል። ያን ቀሪ ለመክፈል የቆረጠ ቤት ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ታማኝ ሠራተኛ ያገኛል። ያልቆረጠ ግን በመኪናው የተማመነውን ሰው በጭንቅ ሰዓት መንገድ ላይ ያስቀራል።

ለምን አሮጌው?

ከጎንደር ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ዳባትን፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ደባርቅን ታገኛላችሁ። እስከዚያ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ማንኛውም ሚኒባስ ይሄድበታል። ከደባርቅ ወጥታችሁ በሳንቃ በርና በጨነቅ አድርጋችሁ፣ የቧሂትን ተራራ ተሻግራችሁ ወደ ጃናሞራ ስትሄዱ ግን ነገሩ ይለወጣል። መንገዱ ጠጠርና ድንጋይ ነው፤ በክረምት ጭቃ ይሆናል፤ ከፍታውም ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው የሊማሊሞ መንገድ አለ። እርሱ ከደባርቅ አፋፍ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርዳል።

ለእንዲህ ያለ አገር የሚሆን አዲስ መኪና መግዛት የአብዛኞቻችን አቅም አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ታክሱን በጣም ከፍ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አስቀድመው አገር ውስጥ የገቡት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ዋጋቸውን ይዘው ቆዩ።

ከእነዚህ መካከል በሰፊው የሚታወቀው «ሎንግ ቤዝ» የምንለው ላንድ ክሩዘር ነው። ቶዮታ ይህን ባለ 70 ቁጥር ዘር መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከ1990 ጀምሮ የተገጠመለት ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቱርቦም ሆነ የተወሳሰበ ኤሌክትሮኒክስ የለውም። የተበላሸበትን ነገር በኮምፒውተር ሳይሆን በጆሮና በእጅ የሚያውቅ መካኒክ ይጠግነዋል። በገጠር አምቡላንስ ሆኖ፣ የእርዳታ ድርጅቶችና የመንግሥት ቢሮዎች የመስክ መኪና ሆኖ ያየነው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ዓይነት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ባለትዳሮችም ሆናችሁ የጉባኤ ሽማግሌዎች፣ ቀለሙ አያታልላችሁ። የሚከተሉትን ነገሮች ተመልከቱ፦

1. መኪናውን ለማየት በማለዳ ሂዱ፤ ሻጩም አስቀድሞ እንዳያስነሳው ንገሩት። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቆ ካገኛችሁት ለምን እንደሞቀ ጠይቁ። የናፍጣ ሞተር ጤንነቱ የሚታወቀው በብርድ ሲነሳ ነው። ሲነሳ ጥቂት ጭስ ቢያወጣ አትደንግጡ። ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ መሆኑን ያሳያል።

2. ከሥሩ ገብቶ ሻንሲውን የሚያይ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ መካኒኩም የሻጩ ወዳጅ አይሁን። ብዙ ጭነት የተሸከመ መኪና የሚሰነጠቀው ባሌስትራው በሚታሰርበትና የመሪው ሳጥን በተገጠመበት አካባቢ ነው። ተበይዶ ቀለም የተቀባ ስንጥቅ የአደጋ ምልክት ነው።

3. የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ማን እንደሚከፍል ሳታውቁ ቀብድ አትስጡ። ከድርጅት በጨረታ የሚሸጥ መኪና ሲሆን ይህ ጥያቄ በጣም አስፈላጊ ነው።

4. የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተለወጠ ጠይቁ። በዚህ ሞተር ላይ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ገደማ መለወጥ አለበት። ማስረጃ ካላገኛችሁ እንዳልተለወጠ ቁጠሩትና ገዝታችሁ እንደወጣችሁ አስለውጡት። መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ከፍታው የሚያስተምረው

ቆላ የለመደ ሾፌር ስሜን ሲመጣ «መኪናው ደከመ» ይላል። መኪናው ታሞ ላይሆን ይችላል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ በ4,000 ሜትር ደግሞ በሲሶ ያህል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ናፍጣው በሙሉ ስለማይቃጠልም ጥቁር ጭስ ያወጣል። መፍትሔው ነዳጅ መርገጥ ሳይሆን ቀደም ብሎ ማርሽ መቀነስና ጭነትን ማቅለል ነው። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ ደግሞ በችግር ላይ ችግር ነው። በበጋ ቶሎ ቶሎ አውጥታችሁ እዩት።

እናቶች ታውቁታላችሁ፤ ደጋ ላይ ውኃ ቶሎ ይፈላል፣ ባቄላ ግን ቶሎ አይበስልም። በ3,000 ሜትር ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነውና። ራዲያተርም እንዲሁ ነው። ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። የላላ ክዳን ትንሽ ዕቃ ቢመስልም የቧሂት ዳገት ላይ ሞተር ያቃጥላል። የጋለ ራዲያተር ግን በፍጹም አትክፈቱ፤ ፊትና ዓይን ያጠፋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ራዲያተሩ ውስጥ በረዶ የሚከላከል ፈሳሽ ያስፈልጋል።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ ያስፈራል። ሊማሊሞን የሚወርድ ሾፌር ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከሄደ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም። የቆዩ ሾፌሮች ምክር ትክክል ነው፦ ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። መኪናውን ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬኑ ለጥምዝ ይቆይ። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ።

አራቱንም ጎማ የሚያስነዳውን ማርሽ በተመለከተም አንድ ቃል ልጨምር። በአሮጌዎቹ ላይ የፊት ጎማዎቹ መሀል ያለው መቆለፊያ በእጅ ይዞራል። ጭቃ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ሳይሆን ሳትገቡ ቆልፉት። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን አትጠቀሙበት፤ ጎማና ጥርስ ይበላል።

ይሉኝታና ጭነት

አሁን በጣም ወደሚከብደው እንምጣ። ሎንግ ቤዝ ላይ አሥር ሰው ቢሳፈር፣ እያንዳንዱን 60 ኪሎ ብንቆጥር፣ 600 ኪሎ ሆነ። ሁለት ኩንታል ገብስ ሲጨመር 800 ኪሎ። አንድ በርሜል ናፍጣ ደግሞ ከ160 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከላይ ፖርቶ መጋላው ላይ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ሲጫን መኪናው ከአናቱ ይከብዳል፤ በጥምዝ ላይ ለመገልበጥ ትንሽ ይበቃዋል።

ይህን ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ለምን ይጫናል? በይሉኝታ ነው። መኪናው ሞልቶ ሳለ አንዲት ሽማግሌ እናት ከመንገድ ዳር እጃቸውን ሲያነሱ «አይቻልም» ማለት ያማል። በተለይ የቤተ ክርስቲያን መኪና ሲሆን «እነዚህ ደግሞ ምን ዓይነት አማኞች ናቸው?» መባልን እንፈራለን። ነገር ግን ውድ አንባቢ ሆይ፣ አሥራ አንደኛውን ሰው መጫን አሥሩን አደጋ ላይ መጣል ከሆነ ርኅራኄ አይባልም። ለእናቲቱ ቦታ ማግኘት ከፈለጋችሁ ኩንታሉ ይውረድ፤ ወይም ከወጣቶቹ አንዱ ወርዶ ቦታውን ይልቀቅ። ሰው ከዕቃ ይቀድማል፤ ደካማው ከብርቱው ይቀድማል። እንዲህ ያለው ሥርዓት አስቀድሞ ተነግሮ ከሆነ ሾፌሩ በየመንገዱ አይሳቀቅም።

ሕጉንም አንርሳ። ለግል የተመዘገበ መኪና በክፍያ ተሳፋሪ ለመጫን ፈቃድ የለውም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረትም የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ቦሎውና መድኑ ጊዜው ሲያልፍ «የጌታ ሥራ ነው» ብሎ መንዳት የጌታን ስም ማሰደብ ነው።

ሌሊት በር ሲንኳኳ

መኪና ያለው ቤት በሩ ይንኳኳል። ምጥ የጸናባት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ ዳር አድርሰዋት፣ የወረዳው አምቡላንስ ሌላ ቦታ ሄዶ፣ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል የሚያደርሳት ሲፈለግ የሚታሰበው የእናንተ መኪና ነው። የተጠራችሁት ለማን እንደሆነ፣ የየትኛው ሃይማኖት ተከታይ እንደሆነ በዚያ ሰዓት አይጠየቅም።

በመንገድ የወደቀውን ሰው ያነሣውን ሳምራዊ አስቡ። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ ርኅራኄው ነው። እንስሳው ግን ያልተቀለበና ጀርባው የቆሰለ ቢሆን ኖሮ ቁስለኛውን ተሸክሞ ማደሪያ ቤት ባላደረሰው ነበር። ርኅራኄ ዝግጅት ይፈልጋል። ባትሪው የሞተ፣ ታንኩ ባዶ የሆነ፣ ስኮርት ጎማው የፈነዳ መኪና ደግ ባለቤት ቢኖረውም ምጥ ላይ ላለች ሴት አይጠቅማትም።

ስለዚህ ማታ መኪናው ሲቆም ከሩብ ታንክ በታች ነዳጅ አይኑረው። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ገመድ፣ አካፋ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ንጹሕ ውኃም በውስጡ ይኑር። ሾፌሩ ሌሊት ብቻውን አይሂድ። ከመነሳቱ በፊትም መንገዱ ሰላም መሆኑን ይጠይቅ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ አይተናልና። ከጎንደር መለዋወጫ የማይመጣበት ሳምንት ስለሚያጋጥም ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ የራዲያተር ጎማና የሞተር ዘይት ቤት ውስጥ ይቀመጡ።

መኪና የማይደርስበትም ብዙ ቦታ አለ። በስሜን ከመንገዱ ማብቂያ በኋላ ሥራው የበቅሎ ነው። የበቅሎ ባለቤቶችን ስልክ የያዘ ሾፌር ገደል ዳር ካልተፈተነ መንገድ ጋር አይታገልም።

የመኪናው ደመወዝ

ሠራተኛ ቀጥራችሁ ደመወዝ ሳትከፍሉ ብትቀሩ በደል ነው። መኪናም ደመወዝ አለው። ይህ ላንድ ክሩዘር በ100 ኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 15 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል፤ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ከዚያም ይበልጣል። ጉዞ በተደረገ ቁጥር ሦስት ነገር በደብተር ይጻፍ፦ ስንት ኪሎ ሜትር ተሄደ? ስንት ሊትር ተቀዳ? ለማን ሥራ? ከነዳጁ ሌላ ለጥገና በየጉዞው የተወሰነ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፤ አምስት ጎማ በአንድ ጊዜ መግዛት የሚቻለው እንዲህ ሲጠራቀም ብቻ ነው። የጉባኤ መኪና ከሆነ ደብተሩን ከሾፌሩ ሌላ ሰው ይያዘው። ሾፌሩን ስለማናምነው አይደለም፤ ከሐሜት እንጠብቀው ዘንድ ነው እንጂ።

ባልና ሚስት ይነጋገሩበት

ብዙ ሴቶች ጉዳዩን የሚያውቁት ባል መኪናውን ይዞ ግቢ ሲገባ ነው። ከዚያ በኋላ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ጎማ ይሆናል፤ የዕረፍት ቀን ጋራዥ ውስጥ ያልቃል፤ ሚስት መስኮት ላይ ቆማ መብራት ትጠብቃለች። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች አብራችሁ ተቀምጣችሁ መልሱ፦

— ይህ መኪና የቤታችን ነው ወይስ የጉባኤው? ሲበላሽ የሚከፍለው ማን ነው?
— በወር ስንት ብር ብንመድብለት ልጆቻችን አይጎዱም?
— ሌሊት ጥሪ ሲመጣ ማን ይወስናል? ባል ደክሞ ከሆነ «ዛሬ አትነዳም» ብትል ሚስት ትሰማለች?
— ሚስትስ መንዳትና ጎማ መለወጥ ለምን አትማርም?
— መኪናው ማገልገል የሚያቆምበትን ቀን በምን እናውቃለን?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። ሻንሲው ተሰንጥቆ፣ የጥገናው ደብተር ከገቢው በልጦ ሳለ «ብዙ አገልግሎናል» ብሎ ሰው መጫን መኪናውን ማክበር አይደለም። በጊዜው ያሰናበታችሁት አሮጌ መኪና ቢያንስ ዕቃው ለሌላ መኪና ይሆናል።

ገንዘቡ ካልበቃችሁ አትፈሩ፤ ለብቻችሁ ከመግዛት ሁለት ሦስት ቤተሰቦች ሆናችሁ በጽሑፍ ተዋውላችሁ ብትይዙት ይሻላል። ገንዘቡ ካላችሁ ደግሞ ከዋጋው ላይ የመጀመሪያውን ዓመት ጥገና ቀንሳችሁ አስቀምጡና በቀረው ግዙ። ያን ጊዜ መኪናችሁ ሌሊት ሲጠራ ይነሳል፤ የተሳፈረውም ሰው በሰላም ቤቱ ይገባል።