ምዕራፍ 6፦ ሻምፓኝ በዜማና በድርሰት

ሻምፓኝ በመጀመሪያ የቦታ ስም ነው። ከፓሪስ በስተምሥራቅ፣ ራንስና ኤፔርኔ የተባሉት ከተሞች የሚገኙበት የፈረንሳይ ግዛት ስሙን ለወይን ጠጁ ያወረሰ ሲሆን፣ መጠጡን ከሌላው ወይን የሚለየው ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ከታሸገ በኋላ በጠርሙሱ ውስጥ ዳግመኛ እንዲፈላ መደረጉና በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ አጥቶ እዚያው መታመቁ ነው። ቡሹ ሲነቀል የሚሰማው ድምፅና ሽቅብ የሚገነፍለው አረፋ የዚህ እምቅ ጋዝ ውጤቶች ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከግዛቱ ውጭ የተጠመቀ ወይን በዚህ ስም እንዳይሸጥ ቢከለክልም፣ ደራስያንና የዜማ ሰዎች ስሙን ባሻቸው ቦታ ሲያውሉት ኖረዋል፤ እንዲያውም መጠጡ በሌለበት ስሙ ብቻ የገባበት ጊዜ አለ።

ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1787 በፕራግ ለመድረክ ያበቃው «ዶን ጆቫኒ» የተሰኘው ኦፔራ፣ ማለትም በዜማ የሚተወን ድርሰት፣ በመጀመሪያው ገቢር አንድ አጭርና እጅግ ፈጣን አሪያ አለው፤ አሪያ የሚባለው አንድ ገጸ ባሕርይ ለብቻው የሚያዜመው ክፍል ነው። ባለታሪኩ እንግዶቹ በመጠጥ ሞቅ የሚላቸውን ድግስ እንዲያሰናዳ አሽከሩን የሚያዝበት ይህ ዜማ «የሻምፓኝ አሪያ» በመባል ይታወቃል። ይሁንና ሎሬንሶ ዳ ፖንቴ በጣሊያንኛ በጻፈው ግጥም ውስጥ ያለው ቃል «ወይን» ብቻ ሲሆን፣ ሻምፓኝን ያስገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን መድረኮች የተስፋፋው ትርጉም ነው። በኦፔራው በስሙ የተጠራ ወይን ቢኖር በሁለተኛው ገቢር ለእራት የሚቀርበው የሰሜን ጣሊያኑ ማርዜሚኖ ነው። ተርጓሚው ተሳሳተ ለማለት ግን ያስቸግራል፤ ዜማው ራሱ ቡሹ እንደተነቀለ ጠርሙስ የሚገነፍል በመሆኑ፣ ስሙ ከግጥሙ ይልቅ ለሙዚቃው የወጣ ይመስላል።

በሥነ ጽሑፍ አረፋው ይበልጡን ያገለገለው ለንጽጽር ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር በ1736 ባወጣው «ዓለማዊው ሰው» በተባለ ግጥሙ የወይኑን አረፋ የፈረንሳዮች ደማቅ ምስል አድርጎ ያቀርበዋል። ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ሩስያዊው ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪን፣ ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል ከኢትዮጵያ የተወሰደ ነው እየተባለ ሲነገርለት የኖረው፣ «የቭጌኒ ኦኔጊን» በተሰኘው የግጥም ልቦለዱ አራተኛ ምዕራፍ ክሊኮንና ሞኤትን የመሳሰሉትን ጠማቂ ቤቶች በስም ከጠራ በኋላ፣ በሻምፓኝ ግዛት የምትገኘውን የአይ መንደር ወይን ከውሽማ ጋር ያመሳስለዋል፤ ውብና ተጫዋች፣ ነገር ግን ተለዋዋጭና ባዶ። የቦርዶን ወይን የሚያመሳስለው በክፉ ቀን ከማይለይ ወዳጅ ጋር ነው፤ አረፋማውንም ሆዱ እንዳልቻለው ይናዘዛል። ስለ ሻምፓኝ ከተገጠመው ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም፤ ውዳሴውና ወቀሳው በአንድ ብርጭቆ ቀርበዋልና።

የቡሹን ድምፅ የወሰደው ዴንማርካዊው ሐንስ ክርስቲያን ሉምብዩ ነው፤ በ1845 ለኮፐንሃገኑ የቲቮሊ መዝናኛ የደረሰው «የሻምፓኝ ጋሎፕ» የተባለ ፈጣን የዳንስ ሙዚቃ የሚጀምረው ቡሽ ሲፈናጠር በሚሰማ ድምፅ ነው። በ1866 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆርጅ ሌይበርን «ሻምፓኝ ቻርሊ» የተባለውን ዘፈን በሚዩዚክ ሆል፣ ማለትም ሕዝቡ እየጠጣ ዘፈንና ቀልድ በሚከታተልበት አዳራሽ፣ ሞኤትን በስም እየጠራ አቀነቀነው፤ ተቀናቃኙ አልፍሬድ ቫንስም ስለ ክሊኮ በመዝፈን መለሰለት። የሚያስገርመው፣ መጠጥን አጥብቆ የሚቃወመው ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የክርስቲያኖች ማኅበር የዚያኑ የሻምፓኝ ቻርሊን ዜማ ለመዝሙር ማዋሉ ነው።

በሂፕ ሆፕ ዘመን የጠማቂው ስም ከወይኑ ስም በልጦ ወጣ። ሉዊ ሮደረር የተባለው ቤት በ1876 ለሩስያው ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ አሌክሳንደር በብርሃን አስተላላፊ ጠርሙስ ያዘጋጀው ክሪስታል በአሜሪካ ራፐሮች ግጥም እየተደጋገመ ሲጠራ ቆይቶ፣ በ2006 የቤቱ ኃላፊ ለአንድ መጽሔት የሰጡት አስተያየት ንቀት ያለበት ሆኖ ያገኘው ራፐሩ ጄይ ዚ መጠጡን እንደማይገዛ አስታወቀ። በ2014 አርማን ደ ብሪኛክ የተባለውን የሻምፓኝ ምርት ስም ራሱ ገዛ።